የተቀየረ ዳሌና በርጩማ

አያቴ በክረምት ውሃ ሊቀዱ ወርደው ጭቃው አዳለጣቸውና ወደቁ። መነሣት አቃታቸው። ሐኪም ቤት ሲደርሱ የጭናቸው አጥንት ዳሌ ሥር ተሰብሮ ተገኘ። ሐኪሞቹ ኦፕራሲዮን አድርገው የተሰበረውን ጫፍ አወጡ፤ በምትኩ ብረት ተከሉ። አያቴም ብዙ ሳይቆዩ በክራንች ተደግፈው ቆሙ።

እሰየው ብለን ወደ ቤት አመጣናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ» ሊል መጣ። ቡና ተቆላ። ነርሷ ዝቅ ያለ ነገር ላይ እንዳይቀመጡ ነግራቸው ነበር። አያቴ ግን «ሽማግሌ መሬት ተቀምጦ እኔ ወንበር ላይ እንዴት እጎለታለሁ?» አሉ። ከረከቦቱ አጠገብ አጭሯ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ጀበናውን ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ ዳሌያቸው ቋ አለ። ጮኹ። እግራቸው አጥሮ ወደ ውስጥ ዞረ።

«ወጌሻ ይጠራ!» ያልኩት እኔ ነበርኩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆኔ ያን ቀን ምንም አልጠቀመኝም። ደግነቱ ወጌሻው ራሱ «እኔ ብረት ያለበትን አልነካም» ብሎ ወደ ሐኪም ቤት መለሰን። እዚያ በመድኃኒት አስተኝተው ወደ ቦታው መለሱላቸው።

ለምን ወለቀ? የጭን አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው። ዳሌ ላይ ደግሞ እንደ ሲኒ የጎደጎደ ቦታ አለ። ኳሱ ሲኒው ውስጥ ይዞራል፤ ስንራመድ የሚሠራው ይህ ነው። አጥንቱ ሲሰበር ወይም መገጣጠሚያው ተበልቶ ሲያልቅ ሐኪሞች ኳሱን በብረት ይተካሉ። ብዙ ጊዜ ሲኒውንም ይቀይሩታል። ኳሱ እንዳይወጣ የሚይዙት በዙሪያው ያሉት ጅማትና ጡንቻ ናቸው። እነዚህ ደግሞ በኦፕራሲዮን ጊዜ ይነካሉ፤ እስኪጠነክሩ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ይፈጃል። እስከዚያ ጉልበት ከዳሌ በላይ ከፍ ካለ ኳሱ ሊወጣ ይችላል። እስቲ አሁን በርጩማ ላይ ቁጭ በሉና ጉልበታችሁ የት እንደደረሰ እዩ።

እግር ማጣመርም፣ የእግርን ጣት ወደ ውስጥ ማዞርም፣ ዕቃ ከመሬት ለማንሣት ጎንበስ ማለትም ያስወልቃል። ሲተኙ በሁለቱ እግሮች መካከል ትራስ ይደረጋል። ኦፕራሲዮኑ በፊት ወይም በኋላ በኩል እንደተሠራ ምክሩ ስለሚለያይ፣ ከሐኪም ቤት ሳትወጡ ጠይቁ።

ሌላው ክፉ ነገር የደም መርጋት ነው። እኛ አያቴን «አይነሡ፣ ይረፉ» እንላቸው ነበር፤ ለደግ ብለን። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ ግን በእግሩ ያለው ደም ይዘገያል፤ ይረጋል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በሽተኛው በክራንች በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይራመድ። አልጋ ላይ ሳለም ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ። ደም እንዳይረጋ የታዘዘውን መርፌ ወይም ክኒን «ተሽሎኛል» ብሎ እንዳያቋርጥ። ባቱ አብጦ ካመመው አትሹት! ማሸት የረጋውን ደም ሊነቅለው ይችላል። ድንገት ትንፋሹ ካጠረ ወይም ደረቱን ከወጋው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ነው።

መግልም አለ። ጆን ቻርንሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። ዛሬ ለሚሠራው የዳሌ ቅየራ መሠረት የጣለ ሰው ነው። መጀመሪያ ሲኒውን ቴፍሎን ከሚባል ፕላስቲክ ሠራው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ተፍቆ አለቀ፤ በሽተኞቹን እንደገና መክፈት ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ሌላ ጠንካራ ፕላስቲክ ዞረ፤ እሱ ሠራለት። መግሉ ግን አስጨነቀው። ብረት ላይ የተጣበቀ ጀርም በቀላሉ አይለቅምና። ስለዚህ ኦፕራሲዮን የሚያደርግበትን ክፍል አየር እያጣራ የሚያስገባ መሣሪያ አሠራ። መግሉም በጣም ቀነሰ። ሐኪሙ ለአየሩ እንኳ እንዲህ ሲጠነቀቅ፣ እኛ ቁስሉ ላይ ቅቤና ቅጠል እንለጥፋለን እንዴ? ፋሻውን የሚነካ ሰው አስቀድሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጠበል መጠመቅ የፈለገም ቁስሉ እስኪድን ይታገሥ። ቁስሉ ከቀላ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ከሌላ ሰው የተረፈ ክኒን መዋጥ አይረባም፤ ሐኪም ይየው። ይህ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

አባቴ መደቡን በድንጋይና በጭቃ ከጉልበት በላይ ከፍ አደረገው። ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለትም ስለማይቻል፣ ከሣንቃ ቀዳዳ ያለው ወንበር ተሠራ። ሁሉም የአንድ ቀን ሥራ ነው። አያቴ ከመምጣታቸው በፊት ልንሠራው እንችል ነበር። አሁን ቡናውን የሚያፈሉት ጎረቤት ናቸው። አያቴ ከመደቡ ላይ ሆነው «ቀጥኗል!» እያሉ ያዛሉ።