የመኪና ወንበር የወገብ ድጋፍ ለምን ይቆረቁራል? እንዴትስ ይስተካከላል?

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ደርሶ ለሰላት ሲቆም፣ ሩኩዕ ላይ ወገቡ አልታዘዝ ቢለው የሚወቅሰው መንገዱን ወይም ዕድሜውን ነው። ወንበሩን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ዘመናዊ መኪና የገዛ ሰው «ወንበሩ መሃል ላይ ጡጫ የሚመስል ነገር ይገፋኛል» ብሎ ያማርራል። የሁለቱ ችግር አንድ ነው፤ የመጀመሪያው የወገብ ድጋፍ አጥቷል፣ ሁለተኛው ድጋፍ አለው ግን ቦታውን አልያዘለትም።

ወገባችን ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ ምሰሶ አይደለም። የታችኛው ወገብ አምስት አጥንቶች ወደ ሆድ በኩል ገባ ያለ ቅስት ይሠራሉ። ስንቆም ቅስቱ እንዳለ ይቆያል። ስንቀመጥ ግን ዳሌ ወደ ኋላ ይዞርና ቅስቱ ይጠፋል፤ በአጥንቶቹ መካከል ያሉት ዲስኮች በፊት በኩል ይጨመቃሉ፣ ከኋላ ያሉት ጅማቶች ደግሞ ይወጠራሉ። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናቸምሰን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በሕይወት ባሉ ሰዎች ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ለክቶ ነበር። ጎብጦ መቀመጥ ከመቆም የበለጠ ዲስክን እንደሚጫን፣ መደገፊያን ወደ ኋላ ጋደም አድርጎ ወገብን መደገፍ ደግሞ ጫናውን እንደሚቀንስ ከእሱና ከባልደረቦቹ ሥራ ታውቋል። በመኪና ላይ ነገሩ ይብሳል። እግር ፍሪሲዮንና ፍሬን ላይ ስለሚውል መሬት ተደግፎ ሰውነትን ማገዝ አይችልም፤ ንዝረቱም አለ።

እንግዲህ የወገብ ድጋፍ የተሠራው በወገብና በወንበሩ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ለመሙላት ነው። ወገብን ለመግፋት አይደለም። ከገፋ በዝቷል ማለት ነው።

ማስተካከል የሚጀመረው ግን ከድጋፉ አይደለም። ብዙ ሰው ቁልፉን አግኝቶ ወዲያው ይጫናል፤ ከዚያ ወንበሩን ያንቀሳቅሳል፤ የደከመበት ሁሉ ይፈርሳል። መጀመሪያ ድጋፉን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ይመልሱት። መቀመጫዎን ወንበሩና መደገፊያው እስከሚገናኙበት ጥግ ድረስ ወደ ኋላ ይግፉ። በዳሌዎና በመደገፊያው መካከል ክፍተት ካለ የትኛውም ድጋፍ ትክክለኛ ቦታዎን አያገኝም። ቀጥሎ የወንበሩ ከፍታ፣ ከዚያ ርቀቱ ይምጣ፤ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ሲረግጡ ጉልበትዎ ጥቂት የታጠፈ ሆኖ መቅረት አለበት፣ ደረትዎም ከመሪው ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። መደገፊያው ከመቀመጫው ጋር ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ቢሆን ለብዙ ሰው ይስማማል። ብዙዎች ዘጠና ዲግሪ ቀጥ ማለት ጤናማ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። ተንጋሎ መንዳትም አንገትን ወደ ፊት ያስወጣል።

አሁን ወደ ድጋፉ። ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ እብጠቱን በቀበቶ መታጠቂያዎ ትክክል ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲያርፍ ያድርጉት። ጎድን አጥንት ላይ ከደረሰ ከፍ ብሏል፤ መቀመጫ አጥንትን ከነካ ወርዷል። ከዚያ ቀስ እያሉ ያውጡት። መዳፍዎን በወገብዎና በወንበሩ መካከል ሲያስገቡ ትንሽ እየታገለ የሚገባ ከሆነ በቂ ነው። ጨርሶ የማይገባ ከሆነ ይቀንሱ። ፍርዱንም በቆመ መኪና ላይ አይስጡ፤ 20 ደቂቃ ነድተው ይወስኑ። ረጅም መንገድ ላይ ደግሞ በየሰዓቱ ጥቂት መለዋወጡ ይጠቅማል፤ ምርጥ የተባለ አቀማመጥም ሳይነቃነቁ ከቆዩበት ያደክማል። ለሰላት መውረድ ከመኪና ለመውጣት ጥሩ ምክንያት መሆኑን ማንም ሹፌር ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ማስተካከያ ላለው ነው። በሪያድና በጂዳ የቤት ሹፌር ሆነው የሚሠሩ ወንድሞች በሚነዷቸው ትልልቅ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ቁልፉ በወንበሩ ጎን አለ፤ የመኪናው ባለቤት እንዳስተካከለው መተው ግን ግድ አይደለም። በእኛ ከተማ የሚበዙት ቪትዝ፣ አሮጌ ኮሮላና ሚኒባሶች በአብዛኛው ማስተካከያ የላቸውም። ለእነዚህ ውድ ነገር አያስፈልግም። ፎጣ ወይም ሽርጥ ጠቅልለው ሲደገፉበት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚቀር ውፍረት ይስጡትና በቀበቶ መታጠቂያዎ ከፍታ ያስሩት። በየመንገዱ የሚሸጡት ወፋፍራም ትራሶች ግን ጀርባን በሙሉ ወደ ፊት ይገፋሉ፤ ወደ መሪው ያቀርባሉ፣ ጭንቅላትንም ከራስ መደገፊያው ያርቃሉ። ከኋላ ቢገጩ አንገትዎ የሚተርፈው በዚያ መደገፊያ ነው።

የኋላ ኪስ ውስጥ ያለ ቦርሳም ይውጣ፤ ዳሌን አንድ ጎን ያነሳል። ይህን እያወቁ የማያወጡ ሰዎች ያስገርሙኛል።

ድጋፉ እስከ መጨረሻው ተመልሶም የሚቆረቁር ከሆነ ወንበሩን ከመቅደድ በፊት ጠንከር ያለና ቀጭን ስፖንጅ በመቀመጫው ላይ ያድርጉ። እርስዎ ከፍ ሲሉ እብጠቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። መደገፊያውን ጥቂት ወደ ኋላ ማጋደምም ግፊቱን ይቀንሳል። ማንሻው ያለ ምንም መታገል የሚዞር ከሆነ በውስጥ ያለው ገመድ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በአየር የሚሠራው ዓይነት ተነፍቶ ከደቂቃዎች በኋላ የሚተነፍስ ከሆነ ደግሞ ፊኛው ወይም ቱቦው ያስተነፍሳል።

የቆየ መኪና ከሆነ ጥፋተኛው የሟሸሸ ስፖንጅ ሊሆን ይችላል። ፎደራ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከመደገፊያው ታችኛ ክፍል ጠንካራ ስፖንጅ ጨምረው ይመልሱታል፤ አዲስ ትራስ በየጊዜው ከመግዛት ይህ ይሻላል። ነገር ግን ወንበሩ በጎኑ ኤርባግ እንዳለው አስቀድመው ያረጋግጡ። ምልክቱ በጎኑ ይጻፋል። ካለው፣ ለዚያ ወንበር ተብሎ ያልተሠራ ፎደራ ጎኑን ሸፍኖ ኤርባጉ እንዳይወጣ ሊያግደው ይችላል፤ ባለሙያውም ሽቦውን መንካት የለበትም።

ሁሉንም አስተካክለው ሕመሙ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀ ወይም ወደ እግር ከወረደ ጉዳዩ የሐኪም ነው። እግር ከዛለ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረ ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ መኪናውን ሌላ ሰው ይንዳው።