ከፈተና በኋላ የሚጠፋው እንግሊዝኛ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያለፈ ሰው ከእንግሊዝኛ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ አጭር አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አደረገ። ሌሎቹ ትምህርቶች ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩትም እንደየክልሉ በ5ኛ፣ በ7ኛ ወይም በ9ኛ ክፍል ሆኖ ቆየ። በዚህ ሥርዓት 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ ቢያንስ አራት ዓመት ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተምሯል ማለት ነው። ሆኖም በምርጫ ጥያቄ ላይ ትክክለኛውን የግሥ ቅርጽ ያለ ችግር የሚያከብብ ተማሪ፣ ስለ ራሱ አንድ አንቀጽ ጻፍ ሲባል ያንኑ ቅርጽ ሲስተው ማየት የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በተማሪው ስንፍና ወይም በመምህሩ ድክመት ይሳበባል። ከዚያ በፊት ግን ቃልና ሰዋስው እንዴት ወደ አእምሮ እንደሚገቡ፣ በተፈለጉ ጊዜም እንዴት እንደሚወጡ ማየት ያስፈልጋል።

ከቃላት እንጀምር። የአንድ ቋንቋ ቃላት እኩል አይሠሩም፤ ጥቂቶቹ ያለ ዕረፍት ይመላለሳሉ፣ አብዛኞቹ አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 ከታተሙ የአሜሪካ ጽሑፎች የተውጣጣውና አንድ ሚሊዮን ያህል ቃል የያዘው የብራውን የጽሑፍ ስብስብ ሲቆጠር፣ «ዘ» የምትለው አንዲት ቃል ብቻ ወደ 7 በመቶ የሚሆነውን ቦታ ይዛ ተገኝታለች። ማይክል ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ መምህር ይህን የመመላለስ ልክ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ 2,000 የሚሆኑ መነሻ ቃላትን ዘርዝሮ አሳተመ። እያንዳንዱ መነሻ የቃል ቤተሰብ ይባላል፤ «ዲሳይድ»፣ «ዲሲዥን»፣ «ዲሳይሲቭ» አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ወሰነ፣ ውሳኔ፣ ወሳኝ እንደሚዛመዱት። የዌስት ዝርዝር ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ውስጥ ሦስት አራተኛውን ያህል ይሸፍናል። በኒውዚላንድ የምትሠራው አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 በዚያ ላይ 570 የትምህርት ቃላት ቤተሰቦችን ጨመረች፤ እነዚህ ደግሞ ሌላ 10 በመቶ ይይዛሉ። የሚገርመው፣ የኮክስሄድ ቃላት በልብ ወለድ ውስጥ ያላቸው ድርሻ 1.4 በመቶ ብቻ መሆኑ ነው። ፊልም በማየትና ልብ ወለድ በማንበብ እንግሊዝኛው የተፍታታ ወጣት የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ሲከፍት የሚደናቀፈው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የቃላት መለያየት ታሪካዊ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፤ ላቲን የቤተ ክርስቲያንና የምሁራን ቋንቋ ሆኖ ቀጠለ። የዕለት ተዕለቱ «ሄልፕ» ከጥንቱ እንግሊዝኛ ወረደ፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ የሚገኘው «አሲስት» ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ገባ። ግእዝ ለአማርኛ የከፍታ ቃላት እንዳቀበለው መሆኑ ነው። ስፔናዊ ወይም ጣሊያናዊ ተማሪ ከዚህ የላቲን ሀብት ብዙውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ከ«ባንክ»፣ ከ«ፖሊስ»ና ከ«ቴሌቪዥን» ዓይነቶቹ በቀር ስንቅ የለውም። ያለውም አንዳንዴ ያሳስተዋል፤ ለንደን ሱቅ ገብቶ «ሃይላንድ» ስጠኝ የሚል ሰው የታሸገ ውኃ አያገኝም።

ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ስንት ቃል ይበቃል የሚለው ነው። በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ የሠራው ፖል ኔሽን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጥናት፣ አንባቢ ያለ ረዳት በምቾት እንዲረዳ ከጽሑፉ ቃላት 98 በመቶውን ማወቅ እንደሚኖርበት አመለከተ። 98 በመቶ ሲባል የተጋነነ ይመስላል። 300 ቃል ባለው ገጽ ላይ ስናሰላው ግን ነገሩ ይጠራል፦ 98 በመቶ የሚያውቅ አንባቢ 6 እንግዳ ቃል ይገጥመዋል፣ 95 በመቶ የሚያውቅ 15፣ 90 በመቶ የሚያውቅ ደግሞ 30። ስድስቱን ከአውዱ መገመት ይቻላል። ሠላሳ ሲሆኑ ግን መገመቻው አውድ ራሱ በእንግዳ ቃላት የተሞላ ስለሚሆን ንባቡ ቆሞ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ይጀመራል። ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረገው ስሌት ለጋዜጣና ለልብ ወለድ ያን 98 በመቶ ለመድረስ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚከተለው፣ የመማሪያ መጽሐፉ ከተማሪው የቃላት ክምችት በጣም ከራቀ ማንበቡ ራሱ ቃል የማስተማር ኃይሉን እንደሚያጣ ነው። ለተማሪው የቀረው መንገድ አንቀጹን እንደ ጸሎት መሸምደድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ዓይኑ በብዙ ቃላት ላይ ያልፋል፣ ቃላቱ ግን አይቀሩለትም።

ቃል የሚቀረው እንዴት ነው? ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ ትርጉም የሌላቸውን አጫጭር የድምፅ ጥምረቶች በራሱ ላይ እየሞከረ የመርሳትን ፍጥነት ለካ። ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ድግግሞሽን በቀናት መካከል ማራራቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በፈተና ዋዜማ አንዴ የተከማቸ ቃል ለፈተናው ደርሶ ብዙም ሳይቆይ ይሄዳል። ሁለተኛው ነጥብ የድግግሞሹ ዓይነት ነው። ጄፍሪ ካርፒኪና ሄንሪ ሮዲገር እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ሙከራ 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ፍቺያቸው ጋር ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አስተማረ። ሁሉም ዝርዝሩን እስኪያስታውሱ ተማሩ። ልዩነቱ፣ አንዳንዶቹ ያወቁትን ቃል ደጋግመው ከራሳቸው እንዲያወጡ ሲጠየቁ ሌሎቹ ያን ማድረግ አቁመው እንዲያዩት ብቻ መደረጋቸው ነበር። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ፣ ሌሎቹ ግን ሲሦውን ያህል ብቻ። ተማሪዎቹ ራሳቸው አስቀድመው ሲገምቱ ሁሉም ቡድኖች ግማሽ ያህሉን እናስታውሳለን ብለው ነበር፤ የትኛው አጠናን እንደሠራላቸው አልታወቃቸውም። ደብተር ከፍቶ «አውቀዋለሁ» እያሉ ዓይንን ማሳለፍ ያን ያህል የሚያታልል ነው።

ፍቺውን ማስታወስ ግን የቃሉ እኩሌታ ብቻ ነው። ቃል ጎረቤት አለው። አማርኛ «ስህተት ሠራሁ» እና «የቤት ሥራ ሠራሁ» ይላል፣ በአንድ ግሥ። እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «ሜክ»ን፣ ለሁለተኛው «ዱ»ን ይፈልጋል። አማርኛ ቴሌቪዥን ይከፍታል፤ እንግሊዝኛ «ተርን ኦን» ያደርጋል እንጂ «ኦፕን» አይልም። ቃሉን ከአንድ የአማርኛ ፍቺ ጋር ብቻ አጣምሮ የያዘ ተማሪ እነዚህን ሁሉ ይሳሳታል፣ ስህተቱም የሰዋስው ይመስላል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ፍቺ ዓረፍተ ነገር እየሰጠ መሄዱ ከዚህ አንጻር ሲታይ ትርጉም አለው። አንድን ግሥ ከዐሥር ጎረቤቶቹ ጋር ካየነው በኋላ ነው የት እንደሚገባ የምናውቀው።

ሰዋስው ላይ ስንደርስ ሁኔታው ይወሳሰባል፣ ምክንያቱም ተማሪው ባዶ እጁን አይመጣም። አማርኛ ጊዜን፣ ድርጊትንና ተናጋሪውን አስቀድሞ ከፋፍሎለታል። ችግሩ የሚፈጠረው እንግሊዝኛ ፈጽሞ እንግዳ በሆነበት ቦታ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ሊመሳሰሉ ትንሽ ሲቀራቸውም ነው። በመምህራን ዘንድ የተለመደው ማመሳሰያ «በልቻለሁ» ማለት «አይ ሀቭ ኢተን» ነው ይላል። ለምሳሌው ልክ ነው። ነገር ግን አማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት ይችላል፣ እንግሊዝኛ «ሀቭ»ን «የስተርደይ» ከመሰለ ያለቀ የጊዜ ቃል ጋር አያስቀምጥም። ስለዚህ «አይ ሀቭ ሲን ሂም የስተርደይ» የሚለው ስህተት ከማመሳሰያው በቀጥታ ይወለዳል። ወዲህ ደግሞ «ደክሞኛል»፣ «ርቦኛል»፣ «ገብቶኛል»፣ «ተቀምጫለሁ» በቅርጻቸው ከ«በልቻለሁ» ጋር አንድ ሲሆኑ፣ የሚናገሩት አሁን ስላለ ሁኔታ ነው፤ እንግሊዝኛ ለእነዚህ የአሁን ጊዜ ይጠቀማል። በሦስተኛው አቅጣጫ፣ «እዚህ መኖር ከጀመርኩ ዐሥር ዓመት ሆነኝ» የሚለውን እንግሊዝኛ በ«ሀቭ» ሲያስር፣ ተማሪው ኑሮው ስላላለቀ የአሁን ጊዜ ይመርጣል። የአማርኛው ቅርጽ መነሻው ቀድሞ የተፈጸመ ነገር ያስከተለው ሁኔታ ነው፤ የእንግሊዝኛው ቅርጽ መነሻው ካለፈው እስከ አሁን የሚዘልቅ የጊዜ ክልል ነው። መንገዳቸው በአንድ ቦታ ይገናኛል እንጂ አንድ አይደለም። ይህ ልዩነት አንዴ በግልጽ ከተነገረ ሦስቱም ስህተቶች አንድ ምንጭ እንዳላቸው ይታያል፤ ሳይነገር ከቀረ ግን ተማሪው ሦስት የማይገናኙ ሕጎችን ይሸመድዳል።

አርቲክሎች፣ ማለትም ከስም በፊት የሚገቡት «ኤ» እና «ዘ»፣ ሌላው አስቸጋሪ ቦታ ናቸው። አማርኛ የታወቀውን ነገር «ቤቱ»፣ «ሴትዮዋ» እያለ ከስሙ መጨረሻ ላይ ያመለክታል፤ ያልታወቀውን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይጨምር ይተወዋል። «መኪና ገዛሁ» ለማለት ምንም አያስፈልግም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወድቀው «ኤ» ነው። «ዘ» ደግሞ አንድ ብቻ በሆኑ ነገሮች ላይ ያስቸግራል፣ አማርኛ «ፀሐይ ወጣች» ሲል ፀሐይን ባዶዋን ስለሚተዋት።

እስካሁን ያለው ስህተት ከየት እንደሚመጣ ያሳያል፤ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሚስተው ግን ገና አልታየም። ለዚህ በጣም ጥሩው ምሳሌ «ሂ ወርክስ» በሚለው ላይ ያለችው «ስ» ናት። ሕጉ ቀላል ነው፣ በታችኛው ክፍል ይሰጣል፣ ማንም ይጠቅሰዋል። አማርኛ ተናጋሪም ግሥን ከባለቤቱ ጋር ማስማማት አይገርመውም፤ የራሱ ቋንቋ በሁሉም መደብ ያስማማል። ሆኖም ስትነገር ትቀራለች፤ በየትኛውም ቋንቋ አፉን የፈታ ተማሪ ዘግይቶ ከሚለምዳቸው ነገሮች አንዷ ናት። ምክንያቱ ጥቅሟ አናሳ መሆኑ ነው፦ «ሂ» አስቀድሞ ስለተነገረ «ስ» ምንም አዲስ መልእክት አትጨምርም። ሐሳብ ለማስተላለፍ የሚጣደፍ አእምሮ መልእክት የማይሸከመውን ነገር ይጥላል። የሰዋስው ዕውቀት ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ተጠይቀን የምንናገረው ሕግ ነው፣ ሌላው ሳናስብ የምንፈጽመው ልማድ። የምርጫ ጥያቄ ጊዜ ይሰጣል፣ ባዶ ቦታውንም በጣቱ ያሳያል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ይለካል። ንግግርና ጽሑፍ ሁለተኛውን ይጠይቃሉ። አንደኛው በራሱ ጊዜ ወደ ሁለተኛው አይለወጥም፣ ደጋግሞ በማምረት እንጂ።

ቋንቋውን ማስተማሪያ ማድረግ ብቻውን እንደማይበቃም በካናዳ ታይቷል። በዚያ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ትምህርታቸውን ከልጅነት ጀምሮ በፈረንሳይኛ እንዲከታተሉ ተደረገ። ከዓመታት በኋላ መረዳታቸው ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ ልጆች ሲቀርብ፣ ንግግራቸውና ጽሑፋቸው ግን በሰዋስው ስህተት እንደተሞላ ቀረ። ተመራማሪዋ ሜሪል ስዌን ከዚህ ተነስታ እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳስረዳችው፣ አድማጭ በቃላትና በአውድ ብቻ ተደግፎ ሊረዳ ይችላል፤ የቃላቱን መያያዣ እንዲፈልግ የሚያስገድደው ራሱ ለመናገርና ለመጻፍ ሲሞክር ነው።  የእኛው ተማሪ መምህሩ በሰሌዳ የጻፈውን እየገለበጠ ሲውል የሚያመርተው ዓረፍተ ነገር ከእነዚያ ልጆችም ያነሰ ነው።

እንግዲህ መረጃው ወደ አንድ አቅጣጫ ያጋድላል። ጥረቱ አንሶ ሳይሆን የጥረቱ ቦታ ተሳስቷል ማለት ይቀላል። ለራሱ የሚያጠና ሰው ብርቅ ቃላትን ከመልቀሙ በፊት የመጀመሪያዎቹን 2,000 ከነጎረቤቶቻቸው ቢይዝ፣ ደብተሩ ላይ ቃልና ፍቺ ከሚያሰልፍ ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ፣ ፍቺውን ሸፍኖ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ ከራሱ ቢያወጣ፣ ለንባብም የሚቀልለውን ቢመርጥ ሰዓቱ ይቆጠርለታል። በክፍል ውስጥ ያለው ጉዳይ እርማት ነው፤ እዚህ ላይ ምሁራን ተከራክረዋል። ጆን ትረስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 የሰዋስው እርማት ጥቅም የለውም፣ ይጎዳልም ብሎ ጻፈ። ጆን ቢችነር ደግሞ በኒውዚላንድ ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጥናት፣ እርማቱ በ«ኤ» እና በ«ዘ» ሁለት አጠቃቀሞች ላይ ብቻ ሲወሰን ተማሪዎቹ እንደተሻሻሉ፣ ከሁለት ወር በኋላም መሻሻሉ እንዳልጠፋ አሳየ። ሁለቱን ማስታረቅ ከባድ አይደለም፦ ገጹን ሙሉ በቀይ የሞላ እርማት ተማሪው የቱን እንደሚይዝ አይነግረውም፣ አንድ ነገር ላይ ያነጣጠረ ግን ይነግረዋል። ይህ ለተጨናነቀ ክፍል ይመቻል። ስድሳ ደብተር ሙሉ በሙሉ ማረም የማይችል መምህር ከስድሳ አጭር አንቀጾች አርቲክሎችን ብቻ ማክበብ ይችላል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ «ሀቭ»ን ከ«የስተርደይ» ጋር ያጣመሩትን ብቻ።