የጠነከረው ሁሉ አይበጅም፦ ስለ ሞዴል አውሮፕላን መስታወት የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

ሞዴል አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ሳምንታት የደከመበትን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው። ክንፉ ተጣብቋል፣ ጎማው ቆሟል፣ ገላው ተቀብቷል፤ የቀረው ካኖፒ የሚባለው የአብራሪው ክፍል መስታወት ብቻ ነው። መስታወት ይባል እንጂ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው፤ በአብዛኞቹ ሞዴሎች ላይም እንደ ሌላው ገላ ሁሉ የሚሠራው ከፖሊስታይሪን ነው። ብዙዎች ለገላው የሠራ ዘዴ ለመስታወቱም ይሠራል ብለው የሚነሡት ከዚህ የተነሣ ነው፦ ጠንካራ ማጣበቂያ፣ ኃይለኛ ፕላስተር፣ ወፍራም ቀለም፣ ፈጣን ማጽጃ። ይህ አካሄድ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ገላው ላይ የታየ ጉድለት በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ በቀለም ይሸፈናል። መስታወቱ ግን የሚሸፍነው ነገር የለውም፤ በላዩም በውስጡም የሆነው ሁሉ ለዓይን ይጋለጣል። ስለዚህ እዚህ ላይ አንድ ዘዴ የሚመዘነው በጥንካሬው አይደለም፤ ስንሳሳት ስህተቱን ለማረም ዕድል በመስጠቱ ነው።

የጋሞ ዞን ይህን ነገር ለመመርመር የተመቸ ቦታ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ትገኛለች፤ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ዳገት ወጥቶ ጨንቻ የደረሰ ሰው ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ብርድና ጭጋግ ይቀበለዋል። አንዱ ማጣበቂያ፣ አንዱ ፕላስተርና አንዱ ቀለም በእነዚህ ሁለት ከተሞች አንድ ዓይነት ጠባይ አይኖራቸውም። ከማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መመሪያ ብቻ አምኖ መሥራት የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

ተረት 1፦ አፍንጫው ላይ ያበጠው ሁሉ መስታወት ነው

አርባ ምንጭ አየር ማረፊያ ከ2011 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ሪፐር የተባሉት የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላኖች የሚነሡበት ነበር፤ በረራዎቹ መሣሪያ ያልታጠቁ የቅኝት በረራዎች መሆናቸውን አሜሪካ ገልጻ ነበር። ሪፐርን በፎቶ ያየ ሰው አፍንጫው ላይ ያለውን ትልቅ ጉብታ የአብራሪ ክፍል አድርጎ ሊያስበው ይችላል። ነገር ግን አብራሪው የተቀመጠው መሬት ላይ ነው፤ ጉብታው የሚሸፍነው ከሳተላይት ጋር የሚያገናኘውን አንቴና ነው። በሞዴሉ ላይም እንደ ገላው ግራጫ ይቀባል እንጂ እንደ መስታወት አያበራም። መስታወት የሚገባው ከአፍንጫው በታች ለተንጠለጠለው የካሜራ ድቡልቡል ነው። በዚያው አየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኪው 400 ግን እውነተኛ የአብራሪ መስኮቶች አሉት። የአየር ኃይላችንም ታሪክ ልዩነቱን ያሳያል። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከስዊድን የመጣው ሳዓብ ቢ 17 ረጅም ካኖፒው በብዙ ፍሬም የተከፋፈለ ነው፤ በ1960 እ.ኤ.አ. የገባው ኤፍ 86 ሴበር ግን ከፊተኛው መከላከያ ቀጥሎ ያለው ጉልላት አንድ ወጥ ነው። ፍሬሙ ሲቀባ የመጀመሪያውን መስታወት በፕላስተር መሸፈን ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ የሁለተኛው ሥራ ጥቂት ነው። እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ፕላስተር ከመቁረጥ ሳይሆን ፎቶ ከመመልከት ነው።

ተረት 2፦ ካኖፒን የሚይዘው ሱፐር ግሉ ብቻ ነው

ይህ ከሁሉም በላይ የተስፋፋው፣ ከሁሉም በላይ የሚጎዳውም ተረት ነው። ሱፐር ግሉ፣ በኬሚካል ስሙ ሳያኖአክሪሌት፣ ከመነሻው ከጥርት ፕላስቲክ ጋር የተሳሰረ ታሪክ አለው። በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ የሃሪ ኩቨር ቡድን ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ ውህዱን ሞከረው፤ የነካውን ሁሉ እየያዘ ስላስቸገረ ተወው። በ1951 እ.ኤ.አ. ለጄት አውሮፕላን ካኖፒ ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ሲፈለግ ዳግም ብቅ አለና ጥቅሙ ማጣበቅ መሆኑ ተስተዋለ፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ። ካኖፒ ሲፈለግ የተገኘው ማጣበቂያ ዛሬ የትንንሽ ካኖፒዎች ዋና አጥፊ ሆኗል።

ጥፋቱ የሚመጣው ከጠብታው ሳይሆን ከተኑ ነው። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው ውኃው ተንኖ አይደለም፤ በገጽታዎች ላይ ካለው ስስ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ በቅጽበት ወደ ፕላስቲክነት ሲለወጥ ነው። ከመለወጡ በፊት ጥቂቱ ይተናል፤ ተኑም በአቅራቢያው ባለ ገጽታ ላይ አርፎ እዚያው ይደርቃል፣ ነጭ አመድ የመሰለ ሽፋንም ይሠራል። የፖሊስ መርማሪዎች የተሰወረ የጣት አሻራ የሚያወጡት ይህንኑ ተን ተጠቅመው ነው፤ ተኑ አሻራው ያለበትን ቦታ መርጦ ነጭ ያደርገዋል። ካኖፒውን በእጁ ይዞ የገጠመ ሰውም ሳያውቅ ያንኑ ምርመራ በራሱ ሞዴል ላይ ያካሂዳል። ክፍሉ ሲዘጋ ተኑ መውጫ ያጣል፤ ነጩ ሽፋንም ጨርቅ ወይም ጣት በማይደርስበት በውስጠኛው ገጽ ላይ ይቀራል። በእርጥብ አየር፣ እንደ ጨንቻ ባለ ቦታ፣ ነገሩ ይበልጥ ያሰጋል።

አማራጩ በየእንጨት ሥራ ቤቱ ያለው ነጭ ኮላ ነው። ውኃው ሲተን ነጭነቱ ጠፍቶ ጥርት ይላል፣ ፕላስቲኩን አያሟሟም፣ የሚያደበዝዝ ተን የለውም፤ ከመድረቁ በፊት የተረፈው በረጠበ ጥጥ ይጠረጋል። «ኮላ ደካማ ነው፣ ለፕላስቲክም አልተሠራም» የሚለው ተቃውሞ ከፊሉ እውነት ነው፤ በኮላ የተያያዘ ፕላስቲክ ቢጎተት ይላቀቃል። ሆኖም ካኖፒ የሚሸከመው ክብደት የለም፤ ከቦታው ሳይነቃነቅ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የመላቀቁ ቀላልነትም ጥቅም ነው፤ መሪው ወድቆ ወይም አቧራ ገብቶ ቢገኝ ካኖፒው ሳይሰበር ይነሣል። ሌላው ተቃውሞ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ሱፐር ግሉ ሲጠቀሙ ይታያሉ የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን እነርሱ ብዙውን ጊዜ ካኖፒውን አስቀድመው በጥርት አክሪሊክ ቫርኒሽ ነክረው አድርቀውታል፣ የሚጠቀሙትም እጅግ ጥቂት ጠብታ ነው፣ ለተኑም መውጫ ይተዉለታል። ያዳናቸው የማጣበቂያው ጥንካሬ ሳይሆን ጉዳቱን ለመከላከል የወሰዱት ጥንቃቄ ነው።

ተረት 3፦ ቀለም እንዳይሰርግ በደንብ የሚጣበቅ ፕላስተር ያስፈልጋል

ፍሬሙን ቀብቶ መስታወቱን ንጹሕ ለማቆየት መስታወቱ በፕላስተር ይሸፈናል። ቀለም ከሥር ሲሰርግ የሚወቀሰው ፕላስተሩ ነው፤ ቀጥሎም የበለጠ የሚጣበቅ ይፈለጋል። ይሁንና ቀለም የሚሰርገው አብዛኛውን ጊዜ በጠርዙ ሥር በቀረች ጠባብ ክፍተት ነው፤ ቀጭን ፈሳሽ እንዲህ ያለ ክፍተት ሲያገኝ በራሱ ኃይል ተስቦ ይገባል። መላው ጠርዙን መጫን ነው፤ ቀጭን የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ በስቲኪኒ ጫፍ ፍሬሙን ተከትሎ ቢታሽ ክፍተቱ ይዘጋል። ከዚያ አዲስ ምላጭ ሳይጫኑ በፍሬሙ ጠርዝ ማለፍ ይበቃል። ደንዞ የሚገፋ ምላጭ ፕላስተሩን አልፎ መስታወቱን ይጭራል።

ኃይለኛ ፕላስተር በአርባ ምንጭ ሙቀት ሌላ ዕዳ ያመጣል። የፕላስተር ሙጫ ሲሞቅ ይላላል፣ ቀስ እያለም ወደ ገጽታው ይፈስሳል፤ ከቀናት በኋላ ሲነሣ ወረቀቱ ይለቅና ሙጫው መስታወቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሽፈናው፣ ቅቡና ማንሣቱ ተከታትለው ቢሠሩ ይመረጣል፤ ሞዴሉ ተሸፍኖ ሳምንት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር መቀመጥ የለበትም። ሲነሣም ወደ ላይ አይነጠቅም፤ ወደ ኋላ ታጥፎ ከገጽታው ጋር ተጠግቶ ቀስ ብሎ ይሳባል። የቀረ ሙጫ ካለ የዚያኑ ፕላስተር የሚጣበቅ ገጽ ደጋግሞ በማስነካት ይነሣል።

ተረት 4፦ አንድ ወፍራም ቅብ ጊዜ ይቆጥባል

እዚህ ላይ ስሌቱ ራሱ ይመልሳል። በ1፡72 መጠን በተሠራ ሞዴል ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ውፍረት ያለው ቀለም በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ እንደተለጠፈ ያህል ነው። ፍሬሙ የብረት መሆኑ ቀርቶ የተቦካ ነገር ይመስላል። ከዚያም በላይ ወፍራም ቅብ ፕላስተሩንና ፍሬሙን አንድ አድርጎ ይሸፍናቸዋል፤ ፕላስተሩ ሲነሣ የፍሬሙም ቀለም አብሮ ተቀድዶ ይመጣል። ስስ ቅቦች ግን የመጀመሪያው ጠርዙን ይዘጋል፣ ተከታዮቹ ቀለሙን ያጠግባሉ። የመጀመሪያው ቅብም የውስጠኛው ክፍል ቀለም ይሁን፤ ከዚያ የውጪው ይደረብበት። ፍሬሙ ጥርት ባለው ፕላስቲክ በኩል ከውስጥ ሲታይ የሚታየው ያ የመጀመሪያ ቅብ ነውና። በሞቃት ቀን በመርጫ የሚረጭ አክሪሊክ ቀለም ከገጽታው ሳይደርስ አየር ላይ ስለሚደርቅ አሸዋማ ይሆናል፤ በአርባ ምንጭ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ መርጨት ይሻላል። በጨንቻ ደግሞ በቅቦች መካከል ያለውን ጊዜ ማርዘም ያስፈልጋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው አባባል እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ በአንድ ቅብ የተቆጠበው ሩብ ሰዓት በፍቆ ማስተካከል እጥፍ ሆኖ ይከፈላል።

ተረት 5፦ ቆሻሻውን ቲነር ያነሣዋል፣ የተጫረ መስታወት ግን አይድንም

ይህ ተረት በሁለቱም በኩል ተገልብጧል፤ አጥፊውን መድኃኒት፣ የሚድነውን ቁስል የማይድን ያደርጋል። ቲነር፣ ቤንዚንና አሴቶን ፖሊስታይሪንን ያሟሙታል ወይም ይሰነጣጥቁታል። ጥርት ያለው ክፍል በፋብሪካ ቅርጽ ሲይዝ በውስጡ ውጥረት ይቀራል፤ አሟሚ ሲነካው ውጥረቱ ባለበት ስንጥቆች ይረጫሉ። እነዚህ ስንጥቆች ወደ ውስጥ የዘለቁ ስለሆኑ አይፋቁም። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ የዕቃ ሳሙናና ጥጥ ግን ቅባትና አቧራን በደህና ያነሣሉ።

ጭረት በተቃራኒው የገጽ ጉዳት ብቻ ነው። ፕላስቲኩ ጠፍቶ ሳይሆን ገጹ ስለተዛባ ብርሃኑ ይበተናል። በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ ተፈግፍጎ፣ ቀጥሎ በፖሊሽ ሲታሽ ገጹ ይስተካከላል፤ ጥርትነቱም ይመለሳል። «ፍቀቱ ራሱ ያደበዝዛል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ በርግጥ ይደበዝዛል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የተሻለ ልስላሴ ያለው ደረጃ የቀዳሚውን ጭረት ስለሚያጠፋ ሂደቱ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፦ ይህ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ይፈልጋል ይባላል። ዝርዝሩን መለስ ብሎ ያየ ሰው ግን ተቃራኒውን ያገኛል። ለሥራው የሚበጁት ኮላ፣ ሳሙና፣ ውኃ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ስቲኪኒና አዲስ ምላጭ ናቸው፤ አብዛኞቹ በየሱቁ ይገኛሉ። ለአክሪሊክ ቀለምና ለመርጫ ገንዘብ ቢወጣም፣ ካኖፒውን የሚያበላሹት ቲነርና ሱፐር ግሉ እንደ አስፈላጊ ነገር ሊገዙ አይገባም ነበር። ስለዚህ አርባ ምንጭ ላይም ሆነ ጨንቻ ላይ ሞዴል የሚሠራ ሰው ካኖፒው ላይ አንዳች ነገር ከማድረጉ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፦ ይህ ባይሳካ መልሼ ማንሣት እችላለሁ? መልሱ «አልችልም» ከሆነ ሌላ ዘዴ ይፈልግ።