«ሆዴን ነው» ያልኩበት ሌሊት፦ ስለ ቆለጥ መጠማዘዝ ማወቅ ያለብን

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አንድ ሌሊት ከባድ ሕመም ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ሕመሙ ከቀኝ ቆለጤ ተነሥቶ ወደ ሆዴ ይወጣል፤ ያስመልሰኛል። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ «ምን ሆንክ?» ሲለኝ «ሆዴን ነው» አልኩት። እሱም እንደ ደንባችን ዝንጅብል አፈላልኝ። ሆስፒታል ደርሼም ለነርሷ የነገርኳት «ሆዴን ነው» ብዬ ነው። እውነቱን ያወጣሁት ዶክተሩ ብቻዬን ሲያገኘኝና «ወደ ታችስ ያምሃል?» ሲለኝ ነው። ሕመሙ ከጀመረኝ 4 ሰዓት አልፎ ነበር። ወዲያው ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ቆለጤ ተረፈ። ዝም ብል ኖሮ ግን ላጣው እችል ነበር። ይህን የምጽፈውም እናንተ እንደኔ እንዳታፍሩ ነው።

ምንድን ነው የሚጠማዘዘው?

ቆለጥ (የዘር ፍሬ) የተንጠለጠለው ገመድ በሚመስል ነገር ነው። ደም የሚያመላልሱት ሥሮች የሚያልፉት በዚህ ውስጥ ነው። ገመዱ ሲጠማዘዝ ደም ይቋረጣል። አንዳንድ ወንዶች ሲፈጠሩ ቆለጣቸው ከከረጢቱ ጋር በደንብ አልተያያዘም፤ ስለዚህ በቀላሉ ይዞራል። ከስፖርት ወይም ከምት በኋላ ሊከሰት ይችላል፤ እንደኔ ተኝቶ እያለም የሚይዘው ብዙ ነው። በብዛት የሚታየው ከ12 እስከ 18 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ቢሆንም በማንኛውም ዕድሜ ይከሰታል።

ከፍና ዝቅ ማለቱስ?

እኔ ከሃይስኩል ጀምሮ የምጨነቀው የግራው ዝቅ ስለሚል ነበር። ለካ ያ ጤነኛ ነው! በአብዛኞቹ ወንዶች አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ የግራው፣ ዝቅ ይላል። ሲበርድ ወይም ስንደነግጥ ጡንቻ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሲሞቅ ይለቀዋል። ይህም አያሳስብም።

የሚያሳስበው ድንገተኛ ለውጥ ነው። በዚያች ሌሊት የቀኙ ከወትሮው በጣም ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። ሁልጊዜም ወደ ጎን የሚጋደም ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ መጣ ሄደ የሚል ከሆነ፣ ጊዜ ሳታጠፉ ለሐኪም ንገሩ። እየተጠማዘዘ በራሱ የሚፈታ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቀን ሳይፈታ ሊቀርም ይችላል።

ምልክቶቹ

• በአንድ ወገን በድንገት የሚጀምር ከባድ ሕመም
• ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ የታችኛው ሆድ ሕመም
• እብጠት፣ ቆለጡ ወደ ላይ መውጣቱ ወይም መጋደሙ

ኢንፌክሽንም ቆለጥን ያሳምማል። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ትኩሳትና ሽንት ማቃጠል ሊኖረው ይችላል። ሆኖም ልዩነቱን ቤት ተቀምጣችሁ ለመፍረድ አትሞክሩ።

ምን እናድርግ?

ቆለጡ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ከተፈታ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ቢሆንም «6 ሰዓት አልፏል» ብሎ መቅረት የለም። የግቢው ክሊኒክ እስኪከፈት አትጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል ምንም አትብሉ፣ አትጠጡ። የጓደኛዬ ዝንጅብል በፍቅር የተፈላ ቢሆንም ትክክል አልነበረም።

እዚያም እንደ ደረሳችሁ «ቆለጤን በድንገት አመመኝ» በሉ። ሐኪሞቹ የደም ዝውውሩን በአልትራሳውንድ ሊያዩ ይችላሉ፤ ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ግን ሳይጠብቁ ወደ ቀዶ ሕክምና ይወስዷችኋል። የተጠማዘዘውን ፈትተው፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል ስለሚኖር፣ ሁለቱንም እንዳይዞሩ ይሰፏቸዋል። አንዱ ባይተርፍ እንኳ ጤነኛ የሆነው ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ለመውለድ ይበቃል።

ኢንሹራንስ የለኝም ብላችሁም አትቅሩ። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ከሜዲኬር ጋር የሚሠሩ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው የመክፈል አቅሙ ምንም ይሁን ምን እንዲመረምሩትና አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጡት ያስገድዳል። ሂሳቡ በኋላ ቢመጣም የክፍያ እርዳታ መጠየቅ ይቻላል።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለኝ። ታናሽ ወንድም ያላችሁ ወንዶችም ሴቶችም ዛሬውኑ ንገሩት። እኛ ቤት ይህ ነገር ተነሥቶ አያውቅም ነበር። አሁን የ13 ዓመቱ ወንድሜ፣ እዚያ ጋ ካመመው በእኩለ ሌሊትም ቢሆን እናታችንን መቀስቀስ እንዳለበት ያውቃል።