ዓመት ሙሉ የማይደርቅ ጆሮ

ጆሮ መምገል በብዙ ቤት እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ልጅ ሲሆን «ሲያድግ ይተወዋል» ይባላል፤ አያት ሲሆኑ ደግሞ «ከድሮም የለመደባቸው ነው» ተብሎ ይታለፋል። እርግጥ ነው፣ አብዛኛው የጆሮ መግል ከመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽን የሚመጣ ነው፤ ታክሞ ይድናል። አልፎ አልፎ ግን ከመግሉ ጀርባ ካንሰር ይኖራል። የጆሮ ቦይና የዙሪያው አጥንት ካንሰር በዓመት ከሚሊዮን ሰው ከአንድ እስከ ስድስት የሚሆኑትን ብቻ የሚይዝ ብርቅ በሽታ ነው። ብርቅነቱ ራሱ ያዘናጋል፤ ጠብታ እየተቀያየረ ወራት ያልፋሉ።

መዘግየቱ ዋጋ የሚያስከፍለው በቦታው ምክንያት ነው። ጆሮን በውስጡ የያዘው የራስ ቅል አጥንት ቴምፖራል ይባላል። የመስሚያና የሚዛን መጠበቂያ ክፍሎች እዚያው ናቸው፤ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም በመካከሉ ያልፋል፤ ከበላዩ አንጎል አለ። ካንሰሩ ገና በቦዩ ውስጥ ሳለ ከተገኘ የመዳን ተስፋው ከፍተኛ ነው፤ ነርቡ ጋ ከደረሰ ግን በጣም ይቀንሳል።

ምን ሲታይ እንጠርጥር?

መግሉ ደም ከቀላቀለ፣ በመድኃኒት አልደርቅ ካለ፣ ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ ከነሳ፣ የአንዱ ጆሮ መስማት እየቀነሰ ከሄደ ወይም አንገት ላይ እብጠት ከወጣ ምርመራ ያስፈልጋል። ፊት ወደ አንድ ጎን ሲጣመም ወይም ዓይን አልከደን ሲል «ብርድ መትቶት ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። በልጆች ላይ ከጡንቻ የሚነሳ ሌላ ዓይነት ካንሰር በጆሮ ውስጥ እንደ ትርፍ ሥጋ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

በውጭኛው ጆሮ ላይ የማይድን ቁስልም ምልክት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጎጂው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ደባርቅ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በተለይ አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ጆሯቸውን የሚሸፍን ሰፊ ባርኔጣ ወይም ሻሽ አይለያቸው።

ከደባርቅ እስከ ጎንደር

በሚመግል ጆሮ ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂም ሆነ ሌላ ነገር አይጨመር፤ በክብሪት እንጨትም አይነካካ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ካልተሻለ የሪፈር ወረቀት ይጠይቁ። የጤና መድን አባል ከሆኑ ወረቀቱ ከወጪ ያድናል። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በሆስፒታሉ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕክምና ይሰጣል።

ሐኪሙ ጆሮውን በመሣሪያ አይቶ ከተጠራጠረ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ ለላቦራቶሪ ይልካል። ካንሰርን የሚያረጋግጠው ይህ ናሙና ነው፤ አጥንቱ ምን ያህል እንደተበላ የሚያሳየው ደግሞ ሲቲ ስካን ነው። «ካንሰር ብረት ከነካው ይባስበታል» የሚለው አባባል ብዙ ሰው አስቀርቷል፤ ነገር ግን ያለ ናሙና ሕክምናው አይጀመርም።

ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። በሽታው ከገፋ ጨረር ይከተላል፤ አንዳንዴም ኬሞቴራፒ ይታከላል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ለሰሜን ጎንደር ገበሬ ሕክምናው የአዲስ አበባ መንገድ፣ ማደሪያና አስታማሚ ማለት ነበር። ዛሬም ቢሆን ቤተሰቡ ጨረር የት እንደሚገኝና ለስንት ሳምንት እንደሚቆይ አስቀድሞ ጠይቆ፣ ማን አብሮ እንደሚሄድና ከብቱን ማን እንደሚጠብቅ ቢመካከር ሕክምናው መሀል ላይ አይቋረጥም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተነካው ጆሮ መስማቱን ሊያጣ ይችላል። ያኔ አያትን በደህናው ጆሯቸው በኩል ተቀምጦ ማጫወት ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን ናሙና ከተወሰደ በኋላ ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን ጽፈው ይያዙ፤ ሳይቀበሉም ወደ አገር አይመለሱ።