አንገታቸው አልሙኒየም የሆኑ ጊታሮች

የኤሌክትሪክ ጊታር ፒካፕ በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ከላዩ የሚርገበገበውን የብረት ክር እንጂ እንጨቱን አይሰማም። ታዲያ የጊታሩ አንገት ከእንጨት ተሠራ ከአልሙኒየም ምን ለውጥ ያመጣል? መልሱ ያለው ክሩ በተወጠረባቸው ሁለት ጫፎች ላይ ነው።

ክር በተመታ ቁጥር ጫፎቹን ይገፋል፣ ይስባል። ጫፉ ንቅንቅ ካላለ ጉልበቱ ክሩ ውስጥ ይቆያል፤ ድምፁም ይረዝማል። ጫፉ ከተወዛወዘ ግን ጉልበቱ ወደ እንጨቱ ሾልኮ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከጊታሩ አካል ሁሉ ለዚህ የሚጋለጠው ረጅምና ቀጭን የሆነው አንገት ነው። ጀርመናውያኑ ሄልሙት ፍላይሸርና ቲልማን ስቪከር በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንን በመሣሪያ ለክተው አሳይተዋል፤ የአንገቱ የራሱ ርግብግቢት ከሚመታው ኖታ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ተጫዋቾች ይህን ቦታ «ዴድ ስፖት» ይሉታል። በተለይ ቤዝ ጊታር የሚጫወቱ በቀጭኑ ክር ላይ አምስተኛው ፍሬት አካባቢ ስንት ጊዜ ተማርረውበታል።

አልሙኒየም ወደ ወሬው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ለጊታር አንገት ከሚመረጠው የሜፕል እንጨት ጋር ሲነጻጸር ግትርነቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው፤ በውስጡ የሚያባክነው ጉልበትም እጅግ ያነሰ ነው። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስድስቱ ክሮች በድምሩ ወደ 50 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ስለሚስቡት፣ አንገቱ እንዳይጎብጥ ውስጡ ትራስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ ይቀበርለታል። አልሙኒየም እርጥበት አይጠጣም፣ ዘንግም ሳይቀበርለት ይቆማል። ዴድ ስፖትን ጨርሶ አያጠፋም፤ ብረትም ቢሆን የራሱ ርግብግቢት አለውና። ጉልበት የሚያፈስበትን ቀዳዳ ግን በጣም ያጠባል።

ይህንን ሐሳብ እስከ ጫፉ የወሰደው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰን ቫሊ ላይ ይሠራ የነበረው ትራቪስ ቢን ነው። ከማርክ ማክኤልዊና ከጋሪ ክሬመር ጋር በ1974 ጀምሮ እስከ 1979 ድረስ 3,600 ገደማ ጊታሮችንና ቤዞችን አወጣ። ጊታሩን ገልብጦ ላየው ሰው አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል። አንድ ወጥ የአልሙኒየም ቁራጭ ከመቃኛ ቁልፎቹ ይነሣና በአካሉ መካከል አልፎ እስከ ብሪጁ ይደርሳል። ክሩ የሚያርፍባቸው ሁለቱም ጫፎች፣ ፒካፖቹም ጭምር፣ በዚሁ ቁራጭ ላይ የተያዙ ናቸው። ኮዋ ከሚባለው የሃዋይ እንጨት የሚሠራው አካል ጊታሩን ለማቀፍና ለማሳመር እንጂ ክሩን ለመሸከም አይደለም ማለት ይቻላል። የአንገቱ ራስ መካከሉ ተቦርቡሮ በቲ ፊደል ቅርጽ ክፍት ሆኗል፤ ይህ ክፍተት ክብደት ከመቀነሱም በላይ የሠሪው ፊርማ ነው።

ትራቪስ ቢን ግን የመጀመሪያው አልነበረም። ጆርጅ ቦሻምፕ በ1931 የነደፈውና ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር በ1932 ለገበያ ያቀረበው ጊታር ከራስ እስከ ግርጌው ከቀለጠ አልሙኒየም የተሠራ ነበር። ክብ አካሉንና ረጅም አንገቱን ያዩ ሰዎች «መጥበሻው» አሉት። ጭን ላይ ተጋድሞ በሃዋይ ስልት የሚመታ ነበር፤ ገበያ ላይ የዋለ የመጀመሪያው የተሳካ የኤሌክትሪክ ጊታርም እርሱ ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ችግሩ ታየ፤ የመብራቱ ሙቀት ከቅኝት ያስወጣው ነበር። ኩባንያው በ1935 ባኬላይት ወደሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ፊቱን ያዞረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

የሙቀቱ ጉዳይ በሒሳብ ሲታይ ግልጽ ነው። 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው የክሩ ርዝመት በአልሙኒየም ላይ ሲለካ፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.15 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የብረቱ ክር በዚያው ሙቀት የሚረዝመው የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንገቱ ክሩን ይጎትተዋል፤ ድምፁም ከቅኝቱ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ከጸጉር ውፍረት አይበልጥም፤ ጆሮ ግን በደንብ ይለየዋል። ለእጅም የራሱ ስሜት አለው። አልሙኒየም ሙቀትን ከእንጨት አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ በበለጠ ፍጥነት ስለሚያስተላልፍ፣ ቀዝቃዛ አንገት መያዝ ሌሊቱን ውጭ ያደረ የብረት በር እጀታ ጠዋት እንደመጨበጥ ነው። ትራቪስ ቢን ይህን ቅሬታ ሰምቶ የአንዳንዶቹን አንገት ጥቁር ቀለም ቀብቶ ሸጧል።

ጋሪ ክሬመር ሌላ መንገድ መረጠ። ከቢን ተለይቶ፣ በ1976 በኒው ጀርሲ ግዛት ኔፕቱን ከተማ ሥራ በጀመረውና ስሙን በያዘው ኩባንያ፣ ከአልሙኒየሙ አንገት ጀርባ ግራና ቀኝ ሁለት የእንጨት ቁራጮች ተገጠሙ። እጅ የሚያርፍበት ቦታ እንጨት ሆነ፤ ክብደቱም ቀነሰ። ራሱ እንደ ሹካ ለሁለት የተሰነጠቀው ይህ ጊታር በብዛት ስለተመረተ ዛሬም በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል። የጆን ቬሌኖ ጊታሮች ግን የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ፍሎሪዳ ውስጥ በ1970ዎቹ ሙሉ በሙሉ ከአልሙኒየም የሠራቸው ሁለት መቶ እንኳ አልሞሉም፤ አንዱን ማግኘት ለሰብሳቢ የዕድሜ ልክ ፍለጋ ነው። ጣሊያን ውስጥ ካቭሪያጎ ላይ ዋንድሬ ፒዮሊ ከቢን፣ ከክሬመርና ከቬሌኖ ቀድሞ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ፣ የአልሙኒየም አንገት ያላቸው ሥዕል የመሰሉ ጊታሮችን ሠርቷል።

የትራቪስ ቢንን ጊታር ጊታር ተጫዋቹ ጄሪ ጋርሲያ በ1970ዎቹ አጋማሽ መድረክ ላይ ተጫውቶበታል። ከሁሉ ይበልጥ ያሳወቀው ግን የኒርቫናን «ኢን ዩቴሮ» አልበም የቀረጸው ስቲቭ አልቢኒ ይመስለኛል። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ሼላክ ከተባለው ባንዱ ጋር የትራቪስ ቢን ቲቢ 500 ይዞ ይቆም ነበር፤ ማንገቻውን ትከሻው ላይ ሳይሆን ወገቡ ላይ ታጥቆ። ክሩ ሲመታ የሚወጣው የመጀመሪያው ምት ስለታም ነው። ዲስቶርሽን ተጨምሮበት እንኳ እያንዳንዱ ኖታ ከሌላው ጋር ሳይጨፈለቅ ይሰማል። ከዚህ ውስጥ የፒካፑና የአምፕሊፋየሩ ድርሻ ትልቅ መሆኑ አይካድም። የድምፁን ርዝመትና ጥራት ግን ለአንገቱ መንፈግ ፍትሕ አይደለም።

ከእነዚህ ጊታሮች አንዱን ለመግዛት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን በጊታሩ ራስ በኩል አስጠግቶ አንገቱን ወደ ታች ይመልከት። ትራስ ሮድ ስለሌለ፣ የጎበጠ አንገትን በቁልፍ አዙሮ ማቅናት አይቻልም። በክሬመር ላይ የእንጨት ቁራጮቹ መላላታቸውንና መሰንጠቃቸውን በጥፍር ዳስሶ ማየት ይገባል። በትራቪስ ቢን ላይ ደግሞ በአንገቱ ራስ ላይ የተመታው ተከታታይ ቁጥር መኖሩን፣ ፒካፖቹም ኦሪጅናል መሆናቸውን ማረጋገጥ ዋጋውን ይወስናል። ጭረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ እንደ መስታወት ማንጸባረቅ የሚያጓጓ ቢሆንም የሚነሣው ብረት ተመልሶ አይመጣም፤ ለስላሳ ጨርቅና የብረት መወልወያ ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ያሳዝናል። እነዚህ ጊታሮች የተሠሩት መድረክ ላይ ለመጮህ ነው፤ አያያዛቸውም ከባድ አይደለም። ከብርድ የገባውን ጊታር ከሳጥኑ አውጥቶ ክፍሉን እስኪለምድ መጠበቅ፣ አንገቱን በመዳፍ እያሻሹ ጥቂት መጫወት፣ ቅኝቱን ማስተካከል፤ ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ደግሞ አንዴ ማየት።