ስም ያልተጻፈበትን የሽቦ ማገናኛ ለይቶ ስለ ማወቅ
(በሬዲዮ የተነገረ)



በዛሬው ንግግራችን የምናስረዳው ጉዳይ በመልኩ እጅግ ትንሽ፥ በሚያስከትለው ወጪና ድካም ግን ትልቅ ነው። ይኸውም በሬዲዮ፥ በፀሐይ ኃይል በሚበራ ፋኖስ፥ በቢሮ ማተሚያና በሌላውም የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሆድ ውስጥ ባለው ቦርድ ላይ የተተከለው የሽቦ ማገናኛ ነው። ባለሙያዎች ኮኔክተር ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ስምም ቁጥርም አይጻፍበትም፤ ስለዚህ በተሰበረ ጊዜ ምትኩን መፈለግ ያስቸግራል።

ይህንን ጉዳይ ከሸዋ ሮቢት አንጻር መመልከት ይጠቅማል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። መንገደኛው ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ብርድ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርድ፥ ብዙም ሳይቆይ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ሙቀት ይደርሳል። ማሾና ሽንኩርት የሚበቅልበት ይህ ቆላ ለእርሻ የተመቸ ቢሆንም፥ ሙቀቱና አቧራው ለኤሌክትሮኒክ ዕቃ አይመችም። ፕላስቲክ ዘወትር ሲግል ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ አቧራና እርጥበት ሲደራረቡም የማገናኛውን ብረት ያበላሻሉ። ስለዚህ አንድ ዕቃ ሞተ ሲባል፥ የሞተው ዋናው ቦርድ ሳይሆን ከማገናኛው አንዷ ቀጭን ብረት ሆና የምትገኝበት ጊዜ አለ።

የመለዋወጫ ዕቃ በብዛት የሚገኘው አዲስ አበባ፥ መርካቶ ነው። ከሸዋ ሮቢት የተላከው ሰው «ትንሽ፥ ነጭ፥ ባለ ሁለት» ብሎ ቢጠይቅ፥ ነጋዴው ትንሹንና ነጩን ሁሉ በየዓይነቱ ይደረድርለታል። ያልሆነውን ገዝቶ የተመለሰ እንደ ሆነ ያንኑ 225 ኪሎ ሜትር እንደ ገና ሊጓዝ ነው። ዕቃው የመንግሥት በሆነ ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ የሕዝብ ነው፤ በጥቂት ብር ለሚገዛ ቁራጭ ሲባል ሙሉው መሣሪያ «የማይሠራ» ተብሎ በመጋዘን ይቆለላል። እንግዲህ መፍትሔው ሰው ከመላክ በፊት መለካት ነው።

«ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» እንዲሉ፥ ማገናኛው ስም ያጣው ስለ ምንድን ነው ብለን እንጀምር። አንደኛው ምክንያት ትንሽነቱ ነው፤ እጅግ ትንሽ በሆነ ፕላስቲክ ላይ ጽሑፍ ማተም ያስቸግራል። ሁለተኛው ምክንያት፥ የታወቁ ፋብሪካዎች ያወጡትን ቅርጽ ሌሎች ብዙ ፋብሪካዎች እየቀዱ ያለ ስም የሚያወጡት መሆኑ ነው። ከታወቁት መካከል እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካ የተቋቋመው ሞሌክስና በ1957 ዓ.ም. በጃፓን የተቋቋመው ጄ ኤስ ቲ ይገኛሉ። በገበያ ላይ ትንሽ ነጭ ማገናኛ ሁሉ «ጄ ኤስ ቲ» ሲባል ይሰማል፤ ይሁን እንጂ ጄ ኤስ ቲ የፋብሪካ ስም እንጂ የአንድ ዓይነት ማገናኛ ስም አይደለም። ፋብሪካው ራሱ እርስ በርሳቸው የማይገጥሙ ብዙ ዓይነቶች ይሠራል። ስለዚህ በስም ሳይሆን በሚሊ ሜትር መነጋገር ይሻላል።

ወደ ልኬቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። ዕቃው ከኤሌክትሪክ መስመር መነቀል፥ ባትሪውም መውጣት አለበት። በ220 ቮልት የሚሠራ ዕቃ ከተነቀለ በኋላ እንኳ፥ በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር እስከ 310 ቮልት የሚደርስ ኃይል አጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። ይህ ሰው የሚገድል ስለ ሆነ እንዲህ ያለው ቦርድ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ነው። ማገናኛውም ሲነቀል ፕላስቲኩን ይዞ በቀስታ እንጂ ሽቦውን ይዞ መጎተት አይገባም፤ «ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

የመጀመሪያው ሥራ መቁጠር ነው። በማገናኛው ውስጥ የቆሙት፥ ፒን የሚባሉት ቀጫጭን ብረቶች ስንት ናቸው? በአንድ ረድፍ ናቸው ወይስ በሁለት? ቀጥሎ ዋናው ልኬት ይመጣል፤ ይኸውም ከአንዱ ፒን መካከል እስከ ጎረቤቱ ፒን መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ አንዱን ክፍተት ብቻ መለካት ያሳስታል። ከመጀመሪያው ፒን መካከል እስከ መጨረሻው ፒን መካከል ይለካና፥ ከፒኖቹ ቁጥር አንድ ተቀንሶ በቀሪው ይካፈላል።

በምሳሌ እናስረዳ። ስድስት ፒን ያለው ማገናኛ ከዳር እስከ ዳር በተባለው አኳኋን ሲለካ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን፥ በስድስት ፒኖች መካከል ያሉት ክፍተቶች አምስት ስለ ሆኑ፥ ርቀቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በጄ ኤስ ቲ መዝገብ ፒ ኤች የተባለው ዓይነት ልክ ነው። ያው ማገናኛ 12.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ርቀቱ 2.5 ይሆናል፤ ይህም የኤክስ ኤች ልክ ነው። 7.5 ቢሆን 1.5 ይደርሳል፤ ይህም የዜድ ኤች ነው። 6.25 ቢሆን ደግሞ 1.25 ስለ ሆነ፥ ሞሌክስ ፒኮብሌድ ወይም የጄ ኤስ ቲው ጂ ኤች ሊሆን ይችላል።

2 ሚሊ ሜትርንና 2.5ን ለመለየት የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ነገር ግን 2.5ንና 2.54ን ለመለየት ካሊፐር የሚባለው መለኪያ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ኢምንት ቢመስልም በ10 ፒን ላይ ሲደመር ወደ 0.36 ሚሊ ሜትር ይደርሳልና፥ በግድ ቢገፉት ፒኑን ያጣምማል።

ልኬቱ ብቻውን ግን ፍርድ አይሰጥም፤ አሁን ከላይ እንደ ተባለው፥ 1.25 ሚሊ ሜትር ያላቸው ዓይነቶች ከአንድ በላይ ናቸውና። ስለዚህ ሦስተኛው ሥራ ቅርጹን መመልከት ነው። ፒኖቹ በአራት ግድግዳ ተከበዋል ወይስ ከኋላቸው አንድ ግድግዳ ብቻ ቆሟል? አንድ ግድግዳ ብቻ ቆሞ ርቀቱ 2.54 የሆነ እንደ ሆነ፥ ሞሌክስ ኬኬ የተባለውን ዓይነት ይመስላል። ሲገባ ቀጭ ብሎ የሚይዝ መቆለፊያ አለው ወይስ በመጥበቅ ብቻ ይያዛል? ጂ ኤች መቆለፊያ አለው። ከዚህም ጋር የፒኑ ውፍረት የሚሸከመውን የኤሌክትሪክ መጠን ይጠቁማል። ፋብሪካው ለፒ ኤች 2 አምፔር፥ ለኤክስ ኤች 3 አምፔር፥ 3.96 ሚሊ ሜትር ርቀት ላለው ለቪ ኤች ደግሞ 10 አምፔር ወስኗል። ስለዚህ ወፍራሙን በቀጭን መተካት ዕቃውን ለቃጠሎ ማዘጋጀት ነው።

አሁን የምንናገረው ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል ይገባዋል። የማገናኛው ቅርጽ የሚያስረዳው ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም ብቻ ነው እንጂ፥ በየትኛው ፒን ምን እንደሚያልፍ አይደለም። ባለ ሁለት ፒን የባትሪ ማገናኛ ከሁለት ፋብሪካዎች ቢመጣ፥ በቅርጽ ፍጹም አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ፖዘቲቩን በቀኝ፥ ሌላው በግራ አድርጎት ሊገኝ ይችላል። ልክ ገጠመ ብሎ የሰካው ሰው፥ ሊያድነው የነበረውን ቦርድ በቅጽበት ያቃጥለዋል። የሽቦ ቀለምም ቢሆን ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ቀይ ሁሉ ፖዘቲቭ ነው ብሎ ማመን አይገባም።

እውነቱ የሚታወቀው በቴስተር ነው። ኃይል በተቋረጠ ጊዜ ቴስተሩ የመስመር መቀጠልን ከሚያሳየው ምልክት ላይ ይደረጋል። በቦርዱ ላይ ያለው ክብ ካፓሲተር በጎኑ ሰንበር ካለው፥ በሰንበሩ በኩል ያለው እግሩ ኔጋቲቭ ነው። አንዱ የቴስተር ጫፍ በዚያ ላይ ተይዞ በሌላው ጫፍ ፒኖቹ አንድ በአንድ ሲነኩ፥ ድምፅ የሚሰማበት ፒን ብዙውን ጊዜ የኔጋቲቩ ነው። ከዚያም አዲሱ ባትሪ ከመሰካቱ በፊት በማገናኛው ጫፍ ላይ ቮልቱ ይለካል፤ በቴስተሩ መስኮት ላይ የመቀነስ ምልክት ከታየ፥ የቴስተሩ ቀይ ጫፍ ያረፈው በኔጋቲቩ ላይ ነው ማለት ነው። ሁለቱ ልኬቶች ሲስማሙ ብቻ ይሰካል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ወደ አዲስ አበባ ሰው ሲላክ፥ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ሲላክ፥ ማገናኛው ከማስመሪያ ጎን ተቀምጦ ከላይ በቀጥታ ይነሣ፤ የፒኑ ቁጥር፥ የረድፉ ብዛት፥ ርቀቱና የመቆለፊያው ዓይነት አብሮ ይጻፍ። የተሰበረውም ቁራጭ አይጣል፤ ለነጋዴው ከሁሉ የሚሻለው ናሙና እርሱ ነው። ተፈልጎ የታጣ እንደ ሆነም ተስፋ አይቆረጥም፤ የሚፈለገውን አምፔር የሚሸከም የታወቀ ዓይነት ተመርጦ፥ በቦርዱ በኩል ያለውም በሽቦው በኩል ያለውም አብረው ይለወጣሉ።

በመጨረሻም፥ በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ አድማጮቻችን ከመዝገብ ጋር የምትኖሩ ናችሁና አንድ ነገር እናሳስባችኋለን። አንድ ጊዜ የታወቀው የማገናኛ ዓይነትና የፖዘቲቩ ቦታ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በዕቃው ክዳን ውስጥ ይለጠፍ፤ ግልባጩም በንብረት መዝገብ ይግባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ማገናኛ ቢሰበር፥ የሚመጣው ጠጋኝ ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ፥ ሥራውን ከመጀመሪያው አይጀምርም። ፋብሪካው ስም ሳይሰጠው የቀረውን፥ የተጠቀመበት ሰው ስም ይስጠው።